ስድስትን ፊደል ያደረጋት ኮድ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከምህጻረ ቃል ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራበት ተቋም ኢንቺስ ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በአዲስ አበቤ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ በዚሁ ሠፈር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980 እ.ኤ.አ. ፓዲስ የተባለውን የአፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ያቋቋመውም እዚሁ። ግን መረጃ ከኮምፒዩተር ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲነበብ፣ ከበስተጀርባው ጥቂት ሰው ልብ የሚለው ሥራ አለ።

አይቢኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ይፋ ያደረገው መጋቢት 29 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር። ዓመቱን ራሱን እንውሰድ። 1956 በማሽኑ ሆድ ውስጥ በሁለትዮሽ 11110100100 ነው። በአሴምብለር የሚጽፍ ፕሮግራመር መጀመሪያ ሲቪዲ በተባለ ትእዛዝ ወደ አሥርዮሽ ይለውጠዋል፤ አሃዞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በባይት ይታጨቃሉ፣ ከመጨረሻዋ አሃዝ ጎን የመደመር ምልክት ይቀመጣል። ቀጥሎ አንፓክ የተባለው ትእዛዝ የታጨቀውን ይፈታል። የአሃዞች የኅትመት ኮድ ከ240 እስከ 249 ስለሆነ 241፣ 249፣ 245 ይወጣሉ። የመጨረሻዋ ስድስት ግን ምልክቷን ይዛ 198 ትሆናለች፤ 198 ደግሞ የላቲኗ ኤፍ ናት። ኦአይ በተባለች አንዲት ትእዛዝ ወደ 246 ካልተመለሰች፣ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ «195ኤፍ» ይላል።

ይህን ኤብሲዲክ የተባለ ኮድ ማን አመጣው? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አስኪ የተባለው የተፎካካሪ ኮድ ተሟጋች የነበረው ቦብ ቢመር ጥፋቱን በአይቢኤሙ ቪንሰንት ሊርሰን ውሳኔ ላይ ጥሏል፤ ለአስኪ የሚሆኑ ማተሚያዎች ስላልደረሱ ለጊዜው የተባለው ኤብሲዲክ በዚያው ጸና ይላል። በእርግጥም ሲስተም 360 ወደ አስኪ የሚያዞር አንድ ቢት ነበረው፤ ተተኪው ሲስተም 370 ሲመጣ ቢቱ ለሌላ ሥራ ዋለ። ሌሎች ግን ነገሩን መረጃ በቀዳዳ ይጻፍበት ከነበረው ካርድ ያመጡታል። ለእኔ ምስክሯ ያቺው ኤፍ ናት። ካርድ ላይ ኤፍ ትጻፍ የነበረው የስድስትን ረድፍ፣ ከላይ ደግሞ 12ኛውን ረድፍ በመብሳት ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኞችም የመደመር ምልክትን በዚያው ቀዳዳ ከመጨረሻዋ አሃዝ በላይ ያኖሩ ነበር። ይህ በአንድ አለቃ የአንድ ቀን ውሳኔ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የአሥርተ ዓመታት የእጅ ልማድ ነው።

አሃዝን በኮድ የማተም ወጥመድ በግዕዝ ቁጥርም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የፊደላት ኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የ፩ ኮድ 4969፣ የ፱ ደግሞ 4977 ነው። በኤብሲዲክ 240 ላይ አሃዙን በመደመር ልማድ፣ አሃዝ ላይ 4968 ደምሮ የሚያትም ፕሮግራም ዜሮ ላይ ሲደርስ ፨ ያወጣል፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውምና። 1956 ፲፱፻፶፮ ነው። የግዕዝ ቁጥር የምታትሙ ፕሮግራመሮች፣ አሃዝ በአሃዝ መተካቱን ትታችሁ ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለቱን እየለያችሁ አስሉ።