የካርቦን ዋጋ ታሪክና የጣራ ገዳም ደን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታንና የፎገራን ሜዳ ካለፈ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የጣራ ገዳምን ደን ከተራራው ላይ ያያል። በዙሪያው ያለው አገር ተመንጥሮ ሲታረስ ወይራውና ጽዱ እዚህ የቈዩት ገዳሙ ስለ ተከበረ ነው። ዓለም ለካርቦን ዋጋ ባወጣ ጊዜ እንዲህ ያለው ጥበቃ ከሒሳቡ ገብቶ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ዘመኑን የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

የካርቦንን ግብር አስቀድማ የደነገገችው ፊንላንድ ናት፤ ይኸውም በ1982 ዓ.ም. ነው። ስዊድንም በ1983 ዓ.ም. ተከተለቻት። የአሳቡ መሠረት፥ ጢሱን ያወጣ የጉዳቱን ዋጋ ይክፈል የሚል ነው። በ1990 ዓ.ም. በኪዮቶ የጸደቀው ውል ደግሞ ባለጸጎች አገሮች በታዳጊ አገሮች የተቀነሰውን ካርቦን ገዝተው ከዕዳቸው እንዲያቀናንሱ ፈቀደ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ገበያ የገባችው በሻጭነት ነው። በወላይታ የሑምቦ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሔክታር የተራቈተ መሬት ከግጦሽና ከምሳር በመጠበቅ ጉቶው እንደ ገና እንዲያቈጠቍጥ አደረጉ። ሥራቸው በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶው ውል መሠረት ተመዘገበ፤ ከካርቦኑም ከፊሉን የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ።

ነገር ግን የውሉ ደንብ በደን በኩል የሚቀበለው በ1982 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ደን ያልነበረበትን መሬት ብቻ ነበር። ስለዚህ ደኑ ቀድሞ የጠፋበት መሬት መልሶ ሲለማ ይከፈልበታል፤ እንደ ጣራ ገዳም ሳይቈረጥ የቈየው ግን ምንም አያገኝም። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ገዢው የሚከፍለው ያለ ክፍያው ለማይገኝ ጥቅም ነውና። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ የቆመ ደን ነገም በራሱ ይቆማል ማለት ስሕተት ነው። ቤተ ክርስቲያን በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቷን ካጣች ወዲህ የገዳማት ደን ይልቁንም በልማድና በአክብሮት የተጠበቀ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የባሊ ጉባኤ የቆመን ደን ለመጠበቅ ስለ መክፈል መከረ። ኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ደንን አንዱ ምሰሶ አደረገችው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ዐወቀ።

እንግዲህ የካርቦን ዋጋ አስቀድሞ አጥፊውን ቀጣ፤ ቀጥሎ ተካዩን ካሰ፤ ጠባቂውን ያሰበው በመጨረሻ ነው። በእኛ አስተያየት ጠባቂው ድርሻውን ማግኘት ይገባዋል። ሆኖም ገንዘቡ ለአጥር፥ ለችግኝና ለዘበኛ ደመወዝ ይዋል እንጂ አክብሮቱን አይተካ፤ ለዋጋ ብቻ የተጠበቀ ደን ዋጋው በወደቀ ቀን ምሳር ይጠብቀዋልና።