«ብሮድካስት»፦ ከእፍኝ ዘር ወደ አየር ሞገድ የተሻገረው ግሥ

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻ ሻይ ቤቶች ተቀምጦ የሬዲዮ ዜና የሚያዳምጠውን የከተማ ነዋሪ እና በጋሞ ዞን ወይናደጋ ቀበሌዎች ጤፍ የሚዘራውን አርሶ አደር አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ያገናኛቸዋል። ግሡ «ብሮድካስት» ነው። ነዋሪው ቃሉን የሚያውቀው ከመገናኛ ብዙኃን ተቋማት ስያሜ ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ ቃሉን ሰምቶት ባያውቅ እንኳ ድርጊቱን ከአባቱ ተምሮ ሲፈጽመው ኖሯል፤ የግሡ የቀደመ ትርጉም ዘርን በእፍኝ እየዘገኑ በማሳ ላይ መበተን ነውና።

ይህ የቋንቋ ወግ ብቻ አይደለም። ቃሉ ዛሬም በእንግሊዝኛ በሚዘጋጁ የምርጥ ዘር፣ የማዳበሪያና የፀረ አረም መመሪያዎች ላይ በቀደመው ትርጉሙ ይገኛል። የሬዲዮውን ትርጉም ብቻ የሚያውቅ ወጣት መመሪያውን ለወላጆቹ ሲያነብ ሊሰናከል ይችላል፤ የመሰናከሉም ዋጋ የሚከፈለው በማሳ ላይ ነው።

ግሡ ከሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። «ብሮድ» ሰፊ ማለት ሲሆን «ካስት» ደግሞ የተጣለ፣ የተወረወረ የሚል ትርጉም አለው። «ካስት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ እንደሆነ የቃላት አመጣጥ አጥኚዎች ይስማማሉ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «በሰፊው የተወረወረ» የሚል ሐሳብ ይሰጣሉ። ጥምሩ ቃል በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያገለገለውም የአዘራርን ሁኔታ ለመግለጽ ነበር። ግሥ ሆኖ መነገር የጀመረው ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እንግሊዛውያን ገበሬዎች ለብዙ ዘመናት ዘር ሲበትኑ ከኖሩ፣ ለድርጊቱ የተለየ ስም ያስፈለጋቸው ለምን እንዲያ ዘግይቶ ነው? መልሱ ከአንድ መሣሪያ መምጣት ጋር የተያያዘ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1701 ጄትሮ ተል የተባለ እንግሊዛዊ በፈረስ የሚጎተት፣ ዘርን በመስመር የሚዘራ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ወዲያው ባይስፋፋም፣ በመስመር ይዘራ ወይስ ይበተን የሚለው ክርክር ግን ቀጠለ። አንድ ዓይነት አዘራር ብቻ በነበረበት ዘመን «መዝራት» ማለት በቂ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ለመጀመሪያውም መለያ አስፈለገው።

የእኛም አገር ቋንቋ በዚሁ መንገድ አልፏል። የጤፍ ገበሬ «ዘራሁ» ሲል እንዴት እንደዘራ የሚጠይቀው አልነበረም። ዛሬ ግን የግብርና ባለሙያው «በብተና ነው በመስመር?» ብሎ ይጠይቃል። «በብተና» የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ መሰማት የጀመረው «በመስመር» የሚለው ምክር ወደ ቀበሌ ከወረደ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

የጤፍ ነገር ለዚህ ግሥ ከሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነው። በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬዎች አሉ። በአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ግራም የሚበትን አርሶ አደር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ6,000 በላይ ፍሬ ያሳርፋል ማለት ነው። ከበቀለው መካከል ብዙው እርስ በርሱ ሲሻማ ቀጥኖ ያድጋል፤ ነፋስና ዝናብ ሲመጣም ይጋሽባል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ጤፍን በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር መዝራትን በስፋት አስተዋውቀዋል። የዘሩ መጠንም በሄክታር ወደ 5 ኪሎ ግራምና ከዚያ በታች እንዲወርድ ተመክሯል።

ይሁንና በሠርቶ ማሳያ የታየው የምርት ጭማሪ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ በዚያው ልክ አልተገኘም፤ ሥራው የሚጠይቀው ጉልበትም ከብተና እጅግ የበዛ ነው። ዝናቡ ሳያልፍ ዘር ለማድረስ የሚጣደፍ፣ የሰው ኃይል ያነሰው ቤተሰብ ወደ ብተና ቢመለስ አያስደንቅም። ብተናን «ኋላቀር» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዘርን ሳያከማች፣ ባዶ ቦታም ሳይተው እየተራመደ የሚበትን እጅ የዓመታት ልምድ ያለው እጅ ነው።

ግሡ ለሁሉም ሰብል አያገለግልም። በጋሞ ደጋ ገብስና ስንዴ፣ በወይናደጋው ጤፍ በብተና ሲዘሩ፣ እንሰት፣ የጨንቻ አፕልና የቆላው ሙዝ ግን በችግኝ ወይም በተካይ የሚተከሉ በመሆናቸው ስለ እነርሱ «ብሮድካስት» ማለት ስህተት ነው።

ወደ ሬዲዮ የተደረገው ሽግግር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተፈጸመ ነው። ሽቦ አልባ መልእክት ሲጀመር ዋና ዓላማው ከአንድ ቦታ ወደ አንድ ተቀባይ፣ ለምሳሌ ከወደብ ወደ መርከብ፣ ቃል ማድረስ ነበር። መልእክቱን ሌላ ሰው መስማቱ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። በኋላ ግን ጉድለት የተባለው ነገር ራሱ ጥቅም ሆኖ ተገኘ፤ መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ሆን ብሎ መልእክት መልቀቅ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1920 በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኘው ኬዲኬኤ የተባለ ጣቢያ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት በሬዲዮ አሰማ። በ1922 ደግሞ በለንደን ቢቢሲ ሲመሠረት ቃሉ በስሙ ውስጥ ገባ፤ መካከለኛዋ «ቢ» የምትወክለው ይህንኑ ቃል ነው።

ምሳሌው የገጠመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር የሚበትን ገበሬ እያንዳንዱ ፍሬ የት እንደሚያርፍ አይመርጥም፤ የሬዲዮ ጣቢያም አድማጩን አይመርጥም። ዘርንና ቃልን ማመሳሰል ደግሞ ከሬዲዮ እጅግ የቀደመ ነው። በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌሎች የሚገኘው የዘሪው ምሳሌ የሚያስኬደው ዘሩ በብተና የተዘራ በመሆኑ ነው። ዘሪው በመስመር ቢዘራ ኖሮ መንገድ ዳር፣ ጭንጫ ላይና እሾህ መካከል የሚወድቅ ፍሬ ባልተገኘ ነበር።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 በአቃቂ ሥራ ጀመረ፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተከተለ። የእንግሊዝኛው ቃል በሕግ ቋንቋ ውስጥ ሳይተረጎም ገብቶ «የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999» የሚል ርእስ ወጣ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም «የኢትዮጵያ ብሮድካስት ባለሥልጣን» ተባለ። በኋላ በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተቋሙ ስም ወደ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ተለውጧል። ቃሉ ግን በጣቢያዎች ስያሜ ላይ እንዳለ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የራሱ ግሦች አያጡትም። «ማሰራጨት» ለዜና ሥራ የጸና ቃል ሆኗል። በዕለት ተዕለት አነጋገር ደግሞ ወሬ ይነዛል፣ ጠብና ጥርጣሬ ይዘራል፣ ወረቀት ይበተናል። ልብ ማለት የሚገባው «ስርጭት» የሚለው ስም በገጠር ሌላ መልክ ያለው መሆኑን ነው። «የማዳበሪያ ስርጭት» ሲባል በስም ዝርዝርና በኩንታል ተለክቶ ለታወቀ ሰው ማደልን ያመለክታል፤ «የሬዲዮ ስርጭት» ግን ለማንም ነው። ስለዚህ ማዳበሪያን በተመለከተ «ብሮድካስት» የሚለውን ቃል «ማሰራጨት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ትክክለኛው ቃል «መበተን» ወይም «በብተና መጨመር» ነው።

በሰዋስው ረገድ ግሡ ከተለመደው ሥርዓት ይወጣል። የአሁኑም ሆነ ያለፈው ጊዜ ቅርጹ አንድ ዓይነት «ብሮድካስት» ነው። «ብሮድካስትድ» የሚለውን አንዳንድ መዝገበ ቃላት ቢቀበሉትም፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የመጀመሪያውን ቢይዝ ይሻላል። የአየር ትንበያን የሚገልጸው «ፎርካስት» የቅርብ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈጠረው «ፖድካስት» ደግሞ ከዚሁ ግሥ «ካስት» የሚለውን ክፍል ወስዷል፤ የዘሩ ነገር በዚያ ተረስቷል።

በመመሪያ ላይ ቃሉን የሚያነብ ሰው አጠገቡ ያሉትን ቃላት መመልከት አለበት። ስለ ዘር ሲነገር ያለ መስመር መበተን ማለት ነው። ስለ ፀረ አረም ሲነገር አረሙ ያለበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ማሳውን በሙሉ እኩል መርጨት ማለት ነው። ስለ ዩሪያ ሲነገር ደግሞ በማሳው ላይ መበተን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአፈር ጋር እንዲቀላቀል የሚያዝ ሌላ ቃል ይከተለዋል። ይህ ተከታይ ቃል መዘለል የለበትም፤ በአፈር ላይ ተበትኖ የቀረ ዩሪያ በውስጡ ካለው ናይትሮጅን ከፊሉ በአሞንያ ጋዝ መልክ ወደ አየር ያመልጣልና። «ባንድ» የሚለው ቃል ከተጻፈ ግን ትእዛዙ ተቃራኒ ነው፤ ማዳበሪያው የሚገባው ከዘሩ መስመር ጎን ጠበብ ብሎ፣ ዘሩን ሳይነካ ነው።