ምስጥ የጀመረው ደብተር

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ኔትወርክ ካላችሁ አሁኑኑ አንብቡት፤ ከሌላችሁም ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት።

እኔ ጋር መጽሐፍ የተዋሳችሁ ሁሉ ያን ትልቁን ሉክ ደብተር ታስታውሱታላችሁ። መጽሐፉን ስትመልሱ ስማችሁን፣ ቀኑንና አስተያየታችሁን ትጽፉበት ነበር። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ "አሪፍ ነው" ብሎ መሄድ ክልክል ነው። ምን ደስ አለህ? የቱ ጋ ተናደድክ? የቱ ጋ ዋሽቷል አልክ? እሱን ጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ አንዱ ተማሪ እያነበበ ይተረጉምላቸዋል፤ የሚሉትን ይጽፋል።

ባለፈው ሳምንት ካርቶኑን ስከፍት ምስጥ ገብቶበታል። ኩርሙክን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ምስጥ ወረቀት አይምርም። መጻሕፍቱ ብዙም አልተነኩም፤ ደብተሩ ግን ከፊት በኩል አሥራ አራት ቅጠል ተበልቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ያ ነው ያንገበገበኝ። መጽሐፍ ሌላ ቦታ ሌላ ኮፒ አለው። የእናንተ አስተያየት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የነበረው።

የተረፈውን እያራገፍኩ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ታሪክ ስናስተምር "ይህን መጽሐፍ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለምን?" እንላለን። "ማን አነበበው? አንብቦስ ምን አለ?" ብለን ግን አንጠይቅም። ዛሬ እሱን ልሞክር።

በጣም የተዋሳችሁት መጽሐፍ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት። ብዙ ሰው ግን ይህን መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት ሰምቶታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ የመጡ አንድ አባት ደብተሩ ላይ ያስጻፉት አለ። በሰፈራው መንደር አንዲት ሬዲዮ ከበው እንደሚያዳምጡ፣ በዛብህ ሲታመም ሴቶቹ እንደሚያለቅሱ ካስጻፉ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "አገሬን ለቅቄ ስመጣ ሁሉ ነገር ባዕድ ሆነብኝ፤ በዛብህን ግን አወቅሁት፤ እሱም ከቤቱ የወጣ ሰው ነው።"

ከሥሩ የአንዲት የበርታ ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ አለ። "ፊታውራሪ መሸሻን አውቃቸዋለሁ። እኛ ቤት ነው ያሉት።" በቃ፣ ይሄ ብቻ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ስቄ ነበር። አሁን ሳነበው አላሳቀኝም። ሰብለ ወንጌልን አባቷ ለክብራቸው ሲሉ እቤት እንዳስቀሯት የተረዳች ልጅ፣ ስለ ጎጃም የተጻፈውን ኩርሙክ ላይ ሆና የራሷ አደረገችው። ሌላው ልጅ ደግሞ "ጉዱ ካሳ ብዙ ያወራል፤ ሥራ የሠራው አበጀ በለው ነው" ብሎ ጽፏል። እኔ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ብዙ ሳወራ ይሄ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ብዙ የተጻፈበት መጽሐፍ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው። በ1975 ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከሱ በፊት በንጉሡ ዘመን የአቤ ጉበኛ አልወለድም እንዲሁ ተሰብስቧል። ስለዚህ በአገራችን የመጽሐፍ አንባቢ ታሪክ ውስጥ አንድ የማንረሳው አንባቢ አለ፤ እሱም መንግሥት ነው። መንግሥትም ያነባል፤ ደንግጦም ያውቃል። አስተያየቱን የሚሰጠው ግን በመልቀም ነው። ሌላው አንባቢ ደግሞ መልሱን የሰጠው መጽሐፉን ደብቆ እጅ በእጅ በማዋስ ነው። ኦሮማይ ዛሬ በእጃችን ያለው ደፍረው በደበቁት ሰዎች ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

በዓሉ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ውስጥ ነበር፤ ያየውን ነው የጻፈው። በደብተሩ ላይ አንድ የቀድሞ ወታደር "ዋሽቷል የምልበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ" ብሎ አስፍሯል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ገጽ በዐረብኛ ነው የተጻፈው። እሱን የጻፈልኝ ከሱዳን ተሰዶ የመጣ መምህር ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ፣ ማለትም የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ገብቷል፤ እሱም አንዱ ነው። ኦሮማይን እኔ በአፌ ተረኩለት፤ የዐረብኛ ነገሬን ታውቃላችሁ፣ ከገበያ አያልፍም፤ ተማሪዎች ረዱኝ። ጨርሰን ቡና እየጠጣን "ያ ኡስታዝ፣ እኛም አለን" አለኝ።

የሱ መጽሐፍ የጠይብ ሳሊህ "ወደ ሰሜን የመሰደድ ወቅት" ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ፤ ከፍቅር እስከ መቃብር ጋር የአንድ ዘመን ልጆች መሆናቸው ነው። በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ ነው፤ ሆኖም በገዛ ደራሲው አገር ታግዶ ያውቃል። ሰውዬው መጽሐፉን ይዞ አልመጣም። ከቤቱ ሲወጣ ልጆቹን ነው የያዘው። ስለዚህ አስተያየቱን የጻፈው ከትዝታ ነው። "በወጣትነቴ ሳነበው ጀግናው ሙስጠፋ ሰዒድ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ግን ወደ መንደሩ ተመልሶ ሁሉም ነገር በቦታው መኖሩን የሚያረጋግጠው ተራኪው ነው። እኔ የምመለስበት ቀን እንዲያ ይሆን?" ይላል። እኔም ምን ብዬ እመልሳለሁ? ቡናውን ቀዳሁለት።

አሁን ወደ ታሪክ መጻሕፍት ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ እዚህ ነው።

የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን "የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966" ያዋስኩት አንድ ልጅ እርሳስ ይዞ ነው ያነበበው። "ቤላ ሻንጉል" የሚለው የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ እየፈለገ ያሰምራል። ሲመልስልኝ ፊቱ ጠቁሯል። "ቲቸር፣ እኛ ጥቂት መስመር ብቻ ነን?" አለኝ። እኔም አንድ መቶ ሃያ ዓመት በአንድ ጥራዝ የሚጽፍ ሰው ሁሉም ቦታ ሊቆም እንደማይችል፣ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ትልቁን መንገድ እንደሚያሳይ፣ የሰፈሩን መንገድ ሌላ ሰው መሥራት እንዳለበት ነገርኩት። ትክክለኛ መልስ ይመስለኛል። ግን ልጁን አላጠገበውም፤ እኔንም አላጠገበኝ። ኮሌጅ ስማር ስለዚህ አካባቢ ብቻ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እንኳ ስም አልሰማሁም ነበር።

ከዚያ ነው ፍለጋ የገባሁት፤ ፒዲኤፍ ያለው ወዳጅ ይክበር! አገኘሁም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ኔፕልስ ያሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመጣ "ጨው፣ ወርቅ እና ሕጋዊነት" ነው። ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ወለጋ፣ ከ1800 እስከ 1898 እ.ኤ.አ.። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከደጋው ጨው ይመጣል፣ ከዚህ ወርቅ ይወጣል፤ ወርቁን የሰማ ሁሉ ደግሞ ጦር ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ወርሮ፣ በዓመቱ ፋዞግሊን አልፎ እስከዚህ ደረሰ፤ የሚፈልገው ወርቅና ባሪያ ነበር። ፍሬደሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊም ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ያየውን ጽፏል። ኋላ ማህዲስቶች መጡ። በ1890 ደግሞ የራስ መኮንን ጦር መጣ፤ አሶሳ፣ ቤላ ሻንጉልና ኮሞሻ በምኒልክ መንግሥት ሥር ገቡ። በግንቦት 1894 ምኒልክና እንግሊዝ የድንበሩን ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። ዛሬ ከማዶ ሌላ ኩርሙክ የምናየው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ዘመድ ፓስፖርቱ ሁለት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን መጽሐፍ ማታ ማታ እየተረጎምኩ ለአንድ ሽማግሌና ለልጅ ልጃቸው አነበብኩላቸው። ልጁ ከአማርኛ ወደ በርታ ቋንቋ ያዞርላቸዋል። ሼኹ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ "እውነት ነው" ይላሉ። ጨርሰን ስንነሳ "የመጽሐፉ ስም ማን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። የርእሱን ሁለተኛ ክፍል ግን መጀመሪያ አልተረጎምኩላቸውም ነበር። እዚያ ላይ "የማንም ያልሆነ ምድር" የሚል አለበት። ልጁ ሲነግራቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

"የማንም ያልሆነ? እኛ ማን ነን ታዲያ?"

ጸሐፊው ሊል የፈለገው በሁለት መንግሥታት መካከል ያለ፣ ሁለቱም የእኔ ነው የሚሉት፣ አንዱም ጨርሶ ያልያዘው መሬት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ደግሞም ይህ ሰው ከመዝገብ ቤት ወረቀት ብቻ አልጻፈም፤ የአካባቢውን አዛውንቶች ጠይቆ፣ ቃላቸውን እንደ ማስረጃ ተጠቅሟል አልኩ። ይሄን ሲሰሙ ትንሽ ለዘብ አሉ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ያስጻፉት ይህ ነው፦ "ጨውና ወርቁ ልክ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ጠይቋል፤ ደግ አድርጓል። ስሙን ግን ሳይጠይቀን ነው ያወጣው። መንግሥት ያልያዘው መሬት ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ይህን ጻፍበት።" ቀጥለውም አያታቸው ወርቅ ያጥቡባቸው የነበሩ ወንዞችን ስም አንድ በአንድ አስቆጠሩት። ልጁ ሙሉ ገጽ ጻፈ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ልለፈው ወይስ ልጻፈው ብዬ ሁለት ቀን አስቤያለሁ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገሩ ገጾች አሉ። ከውጭ የመጡት ብቻ አይደሉም የሸጡት፤ የአካባቢው ገዥዎችም ግብሩን በወርቅም በሰውም ከፍለዋል፤ ከደጋም ከሱዳንም ገዢ ነበረው። በ1916 አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ ጨርሶ የሚያስቀረው አዋጅ ግን የወጣው በ1934 ነው። ይህን ገጽ ለክፍል ሳነብ ጸጥታ ሆነ። አንድ ልጅ በኋላ ደብተሩ ላይ "ይሄን ገጽ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር" ብሎ ጻፈ። ሌላው ከሥሩ፣ በሌላ እስክሪብቶ፦ "አንተ ባትሰማውም የእኔ አያት ነግራኛለች።"

እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። የማን ቤተሰብ ሻጭ፣ የማን የተሸጠ እንደነበር እኔ አልጠየቅኩም። እነሱ ግን ከዚያ በኋላ ሲያወሩ አይቻለሁ። ቦታ አልተቀያየሩም። ለዚህ ነው "ይሄ ገጽ ለልጆች ይከብዳል፣ ዝለለው" ያለኝን ባልደረባዬን ያልሰማሁት። ገጹን ብዘለው ኖሮ ሁለተኛው ልጅ ያንን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ቦታ አያገኝም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሌላ መጽሐፍ ልጥቀስ። ዌንዲ ጄምስ የምትባል እንግሊዛዊት የኡዱክን ሕዝብ ዕድሜ ልኳን ያጠናች ናት። ኡዱኮች ከማዶው ኩርሙክ በስተደቡብ የሚኖሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጦርነት ከመንደራቸው አባረራቸው፤ አሶሳ አጠገብ መጡ፤ ከዚያ ተመለሱ፤ ዞረው ዞረው ጋምቤላ ቦንጋ ደረሱ። እሷ እየተከተለች ጠየቀቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ጥቂት ገጽ ብቻ ነው የተረጎምኩት። ከላይ ያልኳችሁ ሱዳናዊ መምህር ሰምቶ "ስለ ስደተኛ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስደተኛውን ሲያናግር የሰማሁት ግን ይሄን ነው" አለ።

እንግዲህ ደብተሩ ይህን ይመስላል። ሼኹ ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የወንዞቹ ስም ያለበት ገጽ ተርፏል። ምስጡ ሦስት ቅጠል ነበር የቀረው። የተረፈውን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ ደብተሩንም በቆርቆሮ ሣጥን ከትቼ ከመሬት አንሥቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ነው።

የተበላው ክፍል ከ2009 እስከ 2011 ያዋስኩት ነው። የዚያ ዘመን ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው፦ ያኔ ያነበባችሁትንና የጻፋችሁትን የምታስታውሱትን ያህል እንደገና ጻፉልኝ። ሐሳባችሁ ተቀይሮ ከሆነም ሁለቱንም ጻፉ። አማርኛው ባይቃና ግድ የለም፤ በበርታም፣ በዐረብኛም፣ በኦሮምኛም ይሁን። "አሪፍ ነው" ብቻ ብሎ መሄድ ግን አሁንም ክልክል ነው።