ከጠገራ ብር ወደ አምባር

በአማርኛ ገንዘቡም ማዕድኑም «ብር» መባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን አንጥረኛ የብር ሥራን የሚጀምረው ከገበያ በመጣ ገንዘብ ነበርና። ይኸውም 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአመዛኙ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለብቻው ለስላሳ ስለሆነ መዳቡ ጌጡን ያጠነክረዋል።

ባለሙያው ጠገራውን በሸክላ ማቅለጫ አድርጎ በከሰል ፍም ላይ ያኖራል፤ ረዳቱ ወናፍ ይነፋል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብር እየጋለ፣ እየተቀጠቀጠ፣ እንደገና እየጋለ አምባር ወይም አልቦ ይሆናል። ጀማሪውን የሚጥለው ችኮላ ነው፤ ደጋግመው ሳያግሉት የተቀጠቀጠ ብር ይሰነጠቃል።

ወናፉና መዶሻው ለብረትም ለብርም አንድ ነው፤ በባለሙያው ላይ የሚወርደው ንቀትም እንዲሁ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና ዙሪያ፣ በሐዲያና በከምባታ፣ ቀጥቃጩ ለገበሬው ማረሻ፣ ለተዋጊው ጦር እያቀረበ ከሁለቱም ጋር እንዳይጋባ፣ ርስትም እንዳይኖረው ተደርጎ ኖሯል። በከምባታ «ቱማኖ» የሚለው ስም ሙያውንም መገለሉንም በአንድነት ይዟል። ጌጡ የተወደደለት ሰው ራሱ «ቡዳ» እየተባለ የተፈራው ግን በዚህ አካባቢ ብቻ አልነበረም።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከመገበያያነት መራቅ ጀመረ፤ ወደ ማቅለጫው መግባቱ ግን ቀጠለ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለቀጥቃጩም የእርሻ መሬት በር ከፈተ። የጋብቻው በር ከዚያም በኋላ ለብዙዎች ተዘግቶ ቆይቷል።