የትምህርት ድምፅና ምስል የማጫወት ሙከራ ታሪክ፦ ከሬዲዮ እስከ እጅ ስልክ፣ ከከሚሴ አንጻር

በአፋን ኦሮሞ «በዳ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር «መጥፎ» ማለት ነው፤ «ዳ» ጠብቆ ሲነገር ግን «ደጋ» ማለት ይሆናል። በአማርኛም «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። በላላውና በጠበቀው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ የተቀረጸ ድምፅ በጉዞ ላይ ወይም በማጫወቻው ውስጥ ለቅጽበት ቢቆራረጥ፣ የሚጎድለው የድምፁ ጥራት ብቻ ሳይሆን ቃሉ ራሱ ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ይኸውም በከሚሴ ከተማ፣ በባቲ፣ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በደዌ ሃረዋ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። በመሆኑም ተቀርጾ የሚላክ ትምህርት ለልጁ ከመቅረቡ በፊት በማን፣ በምን መሣሪያና በየት ቦታ ተፈተነ የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም።

ድምፅንና ምስልን ለትምህርት ማዋል በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፍ ፕሮግራም ተከተለ። በዚያ ዘመን «ሙከራ» ሲባል በዋናው ጣቢያ ያለው ባለሙያ ማሠራጫው መሥራቱን፣ የድምፁ መጠን መስተካከሉን፣ ክሩ አለመበላሸቱን ማረጋገጡ ነበር። ከላኪው ወገን የጠራ ሆኖ የወጣው ድምፅ በተቀባዩ ዘንድም የጠራ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት በመጀመሪያው ዘመን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ ስላልራቀ ግምቱ ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም። ከሚሴ ግን ከዋና ከተማው ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ እንደ ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ከተሞች ሁሉ፣ ለረጅም ጊዜ የተማረችው በሬዲዮ ነው።

ሬዲዮ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ለተጀመረውና በሂደት በ15 ቋንቋዎች ለተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ድጋፍ ሰጥቷል። ከቋንቋዎቹ አንዱ አፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ መጥበቅና መላላትን አይለይም። የላቲኑ ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ ሆነ። ይህ ለውጥ ከሥነ ጽሑፍ ባሻገር ለድምፅ ሙከራም ያለውን ጥቅም በመጨረሻ እንመለስበታለን። በዘመቻው ወቅት በሬዲዮኑና በተማሪው መካከል ዘማቹ ቆሞ ስለነበር፣ ያልተሰማውን ቃል ደግሞ የሚናገር ሰው አልታጣም።

ተቀባዩን ራሱን የመፈተኛ መሣሪያ ማድረግ በሌላው ዓለም የተጀመረው በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። በአሜሪካ «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 ለእይታ ከመብቃቱ በፊት፣ ኤድዋርድ ፓልመር የተባሉት ተመራማሪ ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7 ሰከንድ ተኩል የሚለዋወጡ ስላይዶችን እያሳዩ፣ የልጁ ዓይን መቼ ከፕሮግራሙ ወደ ስላይዱ እንደሚሸሽ ይመዘግቡ ነበር። በኒካራጓም እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው የሬዲዮ ሒሳብ ፕሮጀክት የተማሪዎቹን የፈተና ውጤት እየሰበሰበ ቀጣዮቹን ትምህርቶች ያርም ነበር። በሀገራችንም ከብዙ ዓመታት በኋላ ተማሪው ከሬዲዮኑ ጋር እየተመላለሰ እንግሊዝኛ የሚማርባቸው ፕሮግራሞች በአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ተሠራጭተዋል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ለልጁ መልስ የሚተወው የዝምታ ጊዜ ርዝመት ራሱ በሙከራ የሚወሰን ነው፤ ዝምታው ቢያጥር ልጁ ይቀደማል፣ ቢረዝም ይሰለቻል።

ይህ ሁሉ ልምድ እያለ በ1997 ዓ.ም. የመጣው የሳተላይት ትምህርት፣ መምህራን ባጭሩ «ፕላዝማ» የሚሉት፣ ወደ ቀድሞው አሠራር የተመለሰ ይመስላል። በደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጀው ትምህርት በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በእንግሊዝኛና በሌሎችም ትምህርቶች ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ነበር። ምስሉ ጥሩ፣ ድምፁም የጠራ ነበር፤ በዚህ በኩል ሙከራውን ያለፈ ነው። ነገር ግን ለክፍሉ መምህር ማቆሚያ አልነበረውም። መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ከፍቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለመስኮቱ ይለቅቃል፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ይመለስለታል። በመካከሉ ተማሪው ባይገባው፣ መብራት ቢጠፋ፣ የክፍሉ ጩኸት ድምፁን ቢውጠው፣ በሳተላይት የመጣው መምህር ሳይጠብቅ ይቀጥላል። በከሚሴ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ የሚሰማው እንግዳ ቋንቋ፣ በእንግዳ አነጋገርና በማይቆም ፍጥነት ነበር። ስለ ፕላዝማ የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው። በሌላ በኩል ቤተ ሙከራ የሌለው ት/ቤት ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ ያየው በዚያው መስኮት እንደነበረ መዘንጋት ፍትሐዊ አይሆንም። ጉድለቱ በትምህርቱ ጥራት ላይ ሳይሆን «ቁም» የሚል አዝራር ለመምህሩ ባለመሰጠቱ ላይ ነበር። ማቆም መቻል ከማጫወት ሥራ አንዱ ክፍል ነው ብሎ አስቀድሞ የፈተነው አልነበረም።

የእጅ ስልክ መተግበሪያ፣ በተለምዶ «አፕ» የሚባለው፣ ይህን አዝራር ለተማሪው መልሷል። ይሁን እንጂ ፈተናውንም አብዝቶታል። ሬዲዮ ከፍቶ መዝጋት ብቻ ነበር፤ ስልክ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። ትምህርቱ በመጫወት ላይ ሳለ ስልክ ቢደወል ድምፁ ራሱን ሊያቆም፣ ጥሪው ሲያበቃም ከቆመበት ሊቀጥል ይገባዋል። የጆሮ ማዳመጫው ቢነቀል ድምፁ በድንገት በክፍሉ ውስጥ ከመጮህ ይልቅ ዝም ማለት አለበት። መስኮቱ ሲጠፋ፣ ባትሪው ሲዳከም፣ ስልኩ ሲሞቅ፣ ማኅደሩ ሲሞላ የሚሆነው ሁሉ በየተራ መሞከር ይኖርበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድሮይድ ስልኮች ባወጣው ኤክሶፕሌየር በተባለው ነፃ መሣሪያ ውስጥ አጫዋቹ አራት ሁኔታዎች አሉት፦ ሥራ መፍታት፣ ቀድሞ ማጠራቀም፣ መዘጋጀትና ማብቃት። አብዛኛው ስሕተት የሚገኘው በሁኔታዎቹ ውስጥ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚደረገው መሸጋገሪያ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ትምህርቱ ከተቋረጠበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ሲጀምር።

የምስልና የድምፅ አለመገጣጠምም እንዲሁ ይለካል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመዘኛ መሠረት ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሰከንድ ቢቀድም ተመልካች ይነቃበታል፤ ወደ ኋላ ሲቀር ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ላያስተውለው ይችላል። በተፈጥሮ ድምፅ ከብርሃን የሚዘገይ በመሆኑ ጆሮ መዘግየቱን ለምዶታል። የአናባቢንና የተነባቢን አወጣጥ ከመምህሩ ከንፈር ለሚማር ልጅ እነዚህ ቁጥሮች ቀላል አይደሉም።

ለዕቅድ ሠራተኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ስሌት የሚከተለው ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የተቀረጸ የ20 ደቂቃ ምስል 75 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ድምፁ ብቻ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢቀረጽ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አዲሱ የምስል መጭመቂያ ዘዴ የፋይሉን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ አሮጌና ርካሽ ስልኮች እርሱን ማጫወት ይቸግራቸዋል። በቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ላይ በተመሰለ ስልክ የሞከረ ባለሙያ ይህን አያይም፤ የተመሰለ ስልክ አይሞቅም፣ ባትሪውም አያልቅም።

ከሩቅ ሆኖ ተቀባዩን ለመፈተን በሀገራችን የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አቅራቢያ በሚገኙ ሁለት መንደሮች የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ መምህር ለልጆች አድሎ ነበር። መሣሪያዎቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ ልጆቹ የነኩትን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ሚሞሪ ካርዱም በየሳምንቱ እየተለወጠ መረጃው ይወሰዳል። ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር መክፈታቸው በሰፊው ተወርቷል። ከወሬው ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን በየሳምንቱ የሚመላለሰው ካርድ ነበር፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ ያሳየው እርሱ ነውና።

ለምን ቢባል ኔትወርክ በዚህ አካባቢ የሚታመን ነገር ሆኖ አያውቅም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ት/ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞክሯል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደረሰ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቀጥታ ከኔትወርክ ብቻ የሚጫወት መተግበሪያ፣ በአዲስ አበባ የቱንም ያህል ፈተና ቢያልፍ፣ እዚህ ዝም ያለ ዕቃ ነው። በአንጻሩ በየከተማው ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ዘፈንን በሚሞሪ ካርድ እየገለበጡ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ትምህርትም በዚያው መንገድ መጓዝ ይችላል። ስለዚህ ከካርድ ማጫወት ከፈተናዎቹ ሁሉ የመጀመሪያው መሆን ይኖርበታል።

ሌላው ፈተና ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ባቲ ስሟን ከአንዱ የዜማ ቅኝት ጋር የምትጋራ ከተማ ናት፤ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙበት ገበያዋም በሰኞ ይውላል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ጩኸት አጠገብ፣ አንድ መምህር በገበያው ከሚገኙት ስልኮች እጅግ ርካሹን ይዞ ቀድሞ የተቀረጸ የቃል ጽሕፈት ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያጫውት። ከቃላቱ መካከል «በዳ» ላልቶም ጠብቆም ይገኝ። መምህሩ በመሃል ይደውልበት፤ ማዳመጫውን ይንቀል፤ ፍጥነቱን ይጨምር። ልጁ በቁቤ ሲጽፍ «ዲ» የምትባለውን ፊደል አንድ ጊዜ ጻፋት ወይስ ሁለት ጊዜ? ሁለቱ ቃላት በደብተሩ ላይ ተለይተው ካልተገኙ፣ መተግበሪያው ወደ ሠሪው ይመለሳል።