የአየር ላይ ዝምታ፦ በአብራሪና በተቆጣጣሪ መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት በታሪክ ዓይን



የአቪዬሽን ታሪካችን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው አውሮፕላኑና አብራሪው ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አብራሪውን ከምድር ጋር የሚያገናኘው ድምፅ ግን ታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አላገኘም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ግንኙነቱ ሲበላሽ በእርግጥ የሚበላሸው ምንድን ነው?

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። አብራሪና ተቆጣጣሪ በአብዛኛው የሚነጋገሩበት የቪኤችኤፍ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። በእኛ ዓይነቱ የደጋና የሸለቆ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሰማው የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድነት ከተናገሩ ለሰሚው የሚደርሰው ፉጨት ሊሆን ይችላል።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፌ የሆነው ይኸው ነበር። የመቆጣጠሪያ ማማው የኬኤልኤምን አብራሪ እንዲጠብቅ ሲነግረው፣ የፓን አም አብራሪዎችም ገና ከመንደርደሪያው አለመውጣታቸውን ሲያሳውቁ ንግግራቸው ተደራረበ። 583 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ቃላት አጠቃቀም ጠበቀ፤ የተነገረን ትእዛዝ መልሶ የማንበብ ሥርዓትም ተጠናከረ። በዓለም አቀፍ በረራ ለሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የወጣው የቋንቋ ብቃት መለኪያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ሥርዓቱ ቢጠብቅም ችግሩ መልኩን እየለወጠ ቀጥሏል። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን በዛምቢያ፣ ንዶላ፣ ግንባታው ባልተጠናቀቀ አውሮፕላን ማረፊያ በስሕተት አረፈ። የዛምቢያ ባለሥልጣናት እንደገለጹት፣ አብራሪው በሬዲዮ ሲነጋገር ከመሬት የተሰጠው መልስ «አናይህም» የሚል ነበር። ሬዲዮው እየሠራ ነበር፤ ተነጋጋሪዎቹ ግን በአሳባቸው የያዙት ሁለት የተለያየ ቦታ ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከካርቱም የተነሣው የበረራ ቁጥር ኢቲ 343 በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ መውረድ ሳይጀምር አዲስ አበባ ደረሰ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም መልስ አላገኙም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር የአቪዬሽን ዘጋቢዎች ጽፈዋል። በኋላ ግንኙነቱ ተመልሶ አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ አብራሪዎቹም ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ ታገዱ።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በተቆጣጣሪው ወንበር አስቀምጡ። ዝምታው ሬዲዮ ተበላሽቶ ነውን? አብራሪው ሞገድ ተሳስቶ ነውን? ታሟልን? ተጠልፏልን? ለሬዲዮ ብልሽት 7600፣ ለጠለፋ 7500 የሚባሉ የምልክት ቁጥሮች አሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩን የሚያስገባ የነቃ ሰው ያስፈልጋል። ድምፅ መሰማቱም በራሱ ማስተማመኛ አይደለም። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ጄኔቭ በተጠለፈው የበረራ ቁጥር ኢቲ 702፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ይነጋገር የነበረው ጠላፊው ረዳት አብራሪ ራሱ ነበር።

እንግዲህ ለጥያቄዬ መልስ ልስጥ። ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ሰዎች አንድን ሁኔታ በአንድ ዓይነት የመረዳታቸው ነገር ነው። ከዚህም የተነሣ ጥፋተኛውን ጠቁሞ የሚያበቃ ትረካ ታሪክ አይባልም። ድካሙ ከየት መጣ? ስለ አዲሱ ማረፊያ ማን ለማን አሳወቀ? ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

የማስረጃው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ዓለም አቀፉ ደንብ የተቆጣጣሪዎች የድምፅ ቅጂ ቢያንስ ለ30 ቀናት እንዲቆይ ያዛል፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው በዋናነት ለአደጋ ምርመራ የሚፈለገው ነው። ስለዚህ በመዝገባችን የሚቀረው የጥፋት ድምፅ ብቻ ነው። ሺህ ጊዜ በትክክል የተነገረውና የተሰማው ይጠፋል። ይህን ማትረፍ የሚቻለው በቃል ታሪክ ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የምትማሩ ወጣቶች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ከራሳችሁ በላይ ይሰማሉ። ያንን በረራ ለዓመታት በድምፃቸው የመሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ መዝግቡ። የሚቀጥለው ታሪክ ጸሐፊ የሚያገኘው እናንተ የመዘገባችሁትን ነው።