«ፍሮንቲየር» በመተማ፦ ድንበር፣ ወሰን ወይስ ጠረፍ?

የታሪክ ጽሑፍ ልናዘጋጅ ስንቀመጥ አብዛኛውን የምንቀዳው ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነውና «ፍሮንቲየር» የሚለው ቃል በየገጹ ይገጥመናል። እኛም ብዙ ሳንጨነቅ «ድንበር» ብለን እናልፈዋለን። ቀጥሎ «ባውንደሪ» ይመጣል፤ እሱም ድንበር። «ቦርደር»ም ድንበር። ሦስት ቃል ገብቶ አንድ ይወጣል። ታዲያ ምን ጎደለ? የሚል ወንድም ወይም እህት ካለ፣ የጎደለው ነገር መተማ ላይ ጎልቶ ይታያልና እስቲ ወደዚያ ቆላ አብረን እንውረድ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። «ፍሮንቲየር» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ በላቲን «ግንባር» ማለት ነው። አንድ አገር ፊቱን ወደ ሌላው ያዞረበት ምድር ነው፤ ስለዚህ ስፋት አለው፣ ሰው ይኖርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። «ባውንደሪ» ግን መስመር ነው፤ ካርታ ላይ በቀለም ይሰመራል፣ መሬት ላይ ድንጋይ ይተከልለታል፣ ማንም ግን ጎጆ አይቀልስበትም። «ቦርደር» ጠርዝ ነው፤ የእናቶቻችን ነጠላ ጥለት ሳይቀር በእንግሊዝኛ በዚሁ ስም ይጠራል። «ማርች» የሚባልም አለ፤ የወር ስም ነው፣ የወታደር ሰልፍ ነው፣ ደግሞም ዳር አገር ማለት ነው። ዶናልድ ዶናምና ዌንዲ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ላሳተሙት መጽሐፍ ርእስ የመረጡት ይህንኑ ቃል ነው።

አማርኛችንስ ድሃ ነው እንዴ? አይደለም። «ድንበር» በመጀመሪያ የገበሬ ቃል ነው። ሁለት ኩታ ገጠም ማሳዎችን ይለያል፤ «ድንበር ገፋኝ» ያለ ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል። «ወሰን» ወደ ሹምና ወደ ጽሑፍ ያደላል፤ አዋሳኝ፣ ወሰንተኛ እንላለን። «ጠረፍ» ደግሞ ጫፍና ዳርቻ ከሚለው የዐረብኛ «ጠረፍ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይገጥማል። ለመተማ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? ከወዲህም ከወዲያም የሚሰማ ነው! እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ፍሮንቲየርን ጠረፍ፣ ባውንደሪን ወሰን እንበል ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ታሪኩን እንይ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ጋላባት» ሲባል አውራጃው፣ «መተማ» ሲባል የገበያ ከተማው ነበር፤ አንዱ ስም ለሌላው ሲውልም ይታያል። የሚያስተዳድሩት ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ በሐጅ መንገድ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ከብት ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ ይመጣል፤ ባሪያም ይሸጥ ነበር፣ ይህን መደበቅ አይገባም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ ገበያውን አይቶ ጽፏል። የተክሩሪዎቹ ሼህ ለግብፅ ሹማምንትም ለኢትዮጵያ በኩልም ግብር ይከፍል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የቃሉ ጣጣ የሚመጣው። «ድንበር» ብለን ከተረጐምን ሼሁ ወዲያው በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ይሆንብናል። አንዱ አገር የሱ፣ ሌላው ባዕድ፣ እሱም ከሃዲ! በጠረፍ ላይ ግን ለሁለት መገበር የኑሮ ደንብ ነው፤ ገበያው እንዲቆም ሁለቱም ወገን መታመን አለበት። መክ ኒምርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1822 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ ሸንዲ ላይ በእሳት ከሞተ በኋላ፣ የሸንዲው ሹም መክ ኒምር ሸሽቶ የተጠጋው በዚሁ በኢትዮጵያ ጠረፍ ነው። የቋራው ካሣም፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጉልበት ያጠራቀመው በዚህ ቆላ ሸፍቶ ነው። ጠረፍ መሸሸጊያ ነበረ፤ መስመር ግን ማንንም አያስጠልልም።

«ዳር ካልተጠበቀ መሃል ዳር ይሆናል» ይላሉ አባቶች። መቼም ተረቱ የመሃል አገር ሰው ተረት ነው። ለጉሙዙ ያ ቆላ ዳር አልነበረም፤ ቤቱ ነበር። ከደጋም ከሱዳንም ባሪያ ፈንጋይ ሲመጣበት ዳር ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ፍሮንቲየርም ጠረፍም ይህን ጉድለት ይጋራሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት መሃል ላይ ከቆመ ሰው አፍ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃሙ መተማን መቱ፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ከተማው ዛሬ መተማ ዮሐንስ የሚባለው በሳቸው ነው። «ድንበር ላይ ወደቁ» ማለት ለምደናል። ነገር ግን ዛሬ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መስመር በዚያን ቀን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1883 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ የገለጹት ግዛት ገዳሪፍን አልፎ በጥቁር ዓባይ ላይ እስካለው እስከ ካርኮጅ ይደርሳል።

መስመሩ የመጣው በግንቦት 1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዙ ሃሪንግተን ውል ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በአንደኛው አንቀጽ «ፍሮንቲየር» ይልና በካርታው ላይ ያለው ቀይ መስመር ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ በሁለተኛው አንቀጽ ያንኑ ነገር «ባውንደሪ» ይለዋል። ግንባር የነበረው በአንድ ገጽ ውስጥ ክር ሆነ! ይኸው ሁለተኛ አንቀጽ ክሩን በመሬት ላይ የሚያመለክተው የሁለቱ ወገን የጋራ ኮሚሽን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1903 ግን ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካይ ሳይኖር ብቻውን አመለከተ። ስሙም ተከፈለ፤ ጋላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ ኢትዮጵያ፣ በመካከላቸውም በበጋ የሚደርቅ ወንዝ።

ከዚያ በኋላ ነው ኬላው፣ ፊናንስ ፖሊሱ፣ «ኮንትሮባንድ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው፤ አያቱ ነጋዴ የተባለበትን ሥራ የልጅ ልጁ ሲሠራው ሌላ ስም ወጣለት። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ ብርጋዴር ስሊም ጋላባትን ከኢጣልያኖች ሲያስለቅቅ መተማን መያዝ አቃተው፤ ወንዙ በዚያን ጊዜ በእርግጥ መስመር ሆኖ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በደብዳቤ ልውውጥ የግዊንን ምልክት በመሠረቱ ተቀበሉ፤ የአልፈሽጋ እርሻ ነገር ግን በይደር ቆየ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አልፈሽጋ ገብቶ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ሰሊጣቸውንና ማሽላቸውን ትተው ሲወጡ፣ የካርቱም ሰዎች የያዙት ባውንደሪውን ነበር፤ ገበሬዎቹ የሚናገሩት ለዓመታት ስላረሱት ጠረፍ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ከካርቱም የሸሹት በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፤ መክ ኒምር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደተጠጋው ሁሉ።